ጭቃ ቤት ብለው ጻፉት

«ሳር ቤት! ሳር ቤት! አንድ ሰው!» ይላል ወያላው። በሰፈሩ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሳር የለበሰ ቤት አንድም አላየሁ። ጥሪውን በሰማሁ ቁጥር ግን ልቤ ሽው የሚለው ወደ ላፍቶ፣ ወደ አያቴ ቤት ነው።

ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። በልጅነቴ ስሙና ቦታው ገና አልተለያዩም ነበር፤ ከደጃፉ ግራር፣ ከግራሩ ወዲያ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ የፉሪ ተራራ።

ቤቱ ክብ ነው። ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ እስከ ጉልበቴ ድረስ ዙሪያውን ተክቧል፤ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካውም። አባባ ይህን ድንጋይ እየዳበሱ «ድንጋይም ፊትና ጅራት አለው» ይሉኝ ነበር። ፊቱ ወደ ውጭ ይሆናል፤ ረጅሙ ጅራቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ግንቡን ይይዛል። ከድንጋዩ በላይ የባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ በልጥ የታሰረ ማገር፣ ከዚያ ምርጊት። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ይቦካል፤ ሽታው ከመንደር ማዶ ይሰማል። ሳይቦካ የተመረገ ግድግዳ ገና ሳይከርም ይሰነጠቃላ።

ጣሪያው ሰንበሌጥ ነበር። ጭስ መውጫ አልተበጀለትም፤ የምድጃው ጭስ በሳሩ ውስጥ ተንኖ ይወጣል፣ ሲወጣም እግረ መንገዱን ነቀዙን ያባርራል። ቀና ስትሉ ወራጁ በጥቀርሻ ጠቁሮ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። (ቁንጫውስ? ቁንጫው አልናፈቀኝም።)

ኋላ ቆርቆሮ መጣ። ሁላችንም ደስ አለን፣ እኔም ጨፍሬያለሁ። የመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ የወረደ ሌሊት ግን መነጋገር አቃተን። በሳሩ ጊዜ ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ጧት በር ስንከፍት ነበር። እማማ ጆሯቸውን ይዘው «ምነው፣ ሰማዩ ቤት ገባሳ!» አሉ።

ቦታው ለልማት ሲፈለግ ለካሳ ግምት የመጡት ሰዎች «የግድግዳው ዓይነት፦ ጭቃ» ብለው ጽፈው ሄዱ። ድንጋዩን ጎንበስ ብሎ ያየ የለም። እንግሊዞች የድሮ የገበሬ የድንጋይ ቤታቸውን ከ1947 እ.ኤ.አ. ሕግ ጀምሮ እየመዘገቡ ይጠብቃሉ፤ የተመዘገበ ቤት ያለው ሰው መስኮቱን ለመቀየር እንኳ ያስፈቅዳል። ሩቅ ሳንሄድ፣ የኮንሶ የድንጋይ እርከንና መንደር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። በአዲስ አበባ ዳር የነበረው የገበሬ ቤት ግን በመዝገብ የሚታወቅበት ስም ያው ነው፤ ጭቃ ቤት።

ለቡ ወይም ፉሪ አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት የቀራችሁ ካላችሁ፣ ዶዘር ሳይቀድማችሁ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ካበው። ፎቶም አንሡ፣ ከውስጥ ሆናችሁ ወደ ጣሪያው። እኔ ያለኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ከቆርቆሮው በኋላ የተነሣ።