ጥቂት ሠርቶ የሚቆመው የዕቃ ማጠቢያ መኪና

የዕቃ ማጠቢያ መኪናችን ከጀርመን አገር ተጭኖ ባሕር ዳር ከገባ በኋላ ለዓመት ከመንፈቅ ያህል በእጅ ታጥበው የደረቁ ብርጭቆዎች ሲቀመጡበት ኖረ። ይህን የምጽፈው አንባቢን ለማሣቅ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ቤት እንዲህ ያለ በጨርቅ የተሸፈነ ስጦታ እንዳለ ስለማውቅ ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቂቱ ልጃችን የምትኖረው በጀርመን አገር ነው። የእናትዋ ጣቶች በቁርጥማት ምክንያት አልታዘዝ እንዳሉ በሰማች ጊዜ ዕረፍት አጣች። ባለቤቴ በ12 የሚውለው የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት፤ ተራዋ የደረሰ ዕለት ከ30 የማያንስ ሰው ቤታችን ይገባል። ያን ሁሉ ሳህንና ብርጭቆ ከጎረቤት ሴቶች ጋራ በቀዝቃዛ ውኃ ስታጥብ ከዋለች በማግሥቱ እንጀራ መቁረስ እንኳ ያቅታታል። ልጅቱም ይህን አስባ ከደመወዝዋ ቆጥባ መኪናውን ገዛች፤ በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም በካሚዮን እስከ ደጃችን አደረሰችው።

የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን አስገጠምን። ሳህኑን ደርድረን፣ የሳሙናውን ክኒን በቦታው አኑረን፣ በሩን ዘጋንና ቁልፉን ተጫንን። መኪናው እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ። ጎረቤቶቻችንም መጥተው ስለ ነበረ እልል ሊባል ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዳሩ ግን 5 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መኪናው ዝም አለ፤ የቧንቧ ሥዕል ያለባት አንዲት ትንሽ ቀይ መብራትም ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። አጥፍተን ብናበራው ያው ነው፤ ጀምሮ ይቆማል። መምሪያው መጽሐፍ በጀርመንኛ የተጻፈ ስለ ሆነ ሥዕሎቹን አይተን መልሰን ከፕላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ አስገባነው።

በዚያው ማታ ልጅቱ ደወለች። «እማዬ፣ መኪናው ያጥባል ወይ?» አለቻት። ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም ወደ መሬት ተመለከትሁ። «ያጥባል ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብላ መለሰችላት። ሐሰቱን የተናገረች እርስዋ ትሁን እንጂ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ደግ አደረግሽ፣ ባሕር ማዶ ሆና ከምትጨነቅ» ያልሁ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ባለ ሙያዎች መጥተው አዩት። አንደኛው ጎንና ጎኑን ፈትቶ፣ ገልብጦ፣ መልሶ አቁሞ፣ «ካርዱ ተቃጥሏል» በማለት የግማሽ መኪና ዋጋ ጠየቀን። ሁለተኛው ደግሞ የኤሌክትሪኩ ኃይል አነሰው ብሎ እስታቢላይዘር አስገዛን። እስታቢላይዘሩ በከንቱ አልቀረም፤ መብራት ሲወርድና ሲወጣ ማቀዝቀዣችንን ጠብቆልናል። የዕቃ ማጠቢያው ግን እንደ ቆመ ቀረ። ባለቤቴም በውስጡ ያሉት የሽቦ መደርደሪያዎች ለብርጭቆ የተመቹ ሆነው ስላገኘቻቸው ቁም ሣጥን አደረገችው። ልጅቱ መልካችንን እያየች በምትደውልበት ቀን የመኪናውን በር እንከፍትላታለን፤ እርስዋም «እንዴት ያበራል!» ትላለች። እንዲህ ሆኖ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

በመጨረሻም ለጥምቀት እንደምትመጣ አስታወቀችን። የቀረው ጊዜ 3 ሳምንት ነበረ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ባለኝ ጊዜ የጎበዝነት ሥራዬ ትዝ አለኝ። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመናው ክፍል ብዙ ዘመን አገልግያለሁ። በሽመናው መኪና ላይ በእያንዳንዱ የድር ክር አንዲት ስስ የብረት ቅጠል ትንጠለጠላለች። ክሩ ደኅና ሳለ ቅጠሊቱን ተሸክሞ ይይዛታል፤ በተበጠሰ ጊዜ ግን ትወድቃለች፤ መኪናውም በዚያው ቅጽበት ቀጥ ይላል። አዲስ ገቢዎች ሳለን ቁልፉን ደጋግመን እየተጫንን ልናስነሣው እንሞክር ነበር፤ ነባሮቹም ይቈጡን ነበር። እዚያ ቤት መኪና ሲቆም የሚፈለገው የተበጠሰው ክር ነው እንጂ ተበላሸ የሚል ሰው የለም። እኔ ግን ይህን ለብዙ ዘመን ስሠራበት ኖሬ፣ በገዛ ማድ ቤቴ የቆመውን መኪና በጨርቅ ሸፈንሁት።

ሲነጋ በርጩማ ይዤ፣ ሰዓቴን በእጄ አድርጌ ከመኪናው አጠገብ ተቀመጥሁ። ብርጭቆዎቹን አውጥተን ባዶውን አስነሣነው። በመጀመሪያ ከሥሩ የቀረ ውኃ ካለ ወደ ውጭ ለመጣል ለጥቂት ጊዜ አጓራ። ቀጥሎም ጥዝ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ይህ ውኃ ማስገቢያው ሲከፈት ነው። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሊትር የሚሆን ውኃ ሊገባ ይገባዋል። ጆሮዬን ባስጠጋ ግን የሚሰማኝ የወራጅ ውኃ ድምፅ ሳይሆን የጠብታ ያህል ነው። መኪናው ጥቂት ደቂቃ ጠበቀ፤ የሚበቃውን ውኃ ባላገኘ ጊዜ ቆመ፤ የቧንቧ ሥዕል ያለባት መብራትም በራች። ውኃ ሳይኖረው ቢቀጥል ማሞቂያው ደርቆ በተቃጠለ ነበር። መብራቲቱ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ስትነግረን የኖረችው ይህንኑ ነው፤ «ውኃ ስጡኝ» ነው።

ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነው ከጣና ዳር ተቀምጠን ውኃ ያነሰው መኪና በቤታችን መገኘቱ ባለቤቴን አሣቃት። ለቤታችን የሚመጣው ግን የሐይቁ ውኃ አይደለም፤ የቧንቧ ውኃ ነው፤ እርሱም በሚመጣበት ሰዓት ከጓሮ ባለው የፕላስቲክ ታንከር ይጠራቀምና ከዚያ ወደ ቤት ይወርዳል።

ቧንቧውን ዘግቼ የመኪናውን የውኃ ጎማ ከኋላው ፈታሁት። ከጎማው ጫፍ፣ ከመግቢያው ላይ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ የወንፊት ቆብ አለች። ከታንከሩ ሥር የወረደው ቀይ ደለል እንደ ምርግ ደፍኗታል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኋት። ባለቤቴም በበኩልዋ ከመኪናው ውስጥ፣ ከወለሉ ላይ ያለውን ትልቁን ማጣሪያ አዙራ አወጣችው፤ ከመጀመሪያው ቀን የቀረ የሽሮ ቅራሪና የእንጀራ ፍርፋሪ ደርቆበት ነበር። የመጀመሪያው ባለ ሙያ መኪናውን ስለ ገለበጠው ከታች ባለው የቆርቆሮ ትሪ ውኃ ፈስሶ እንደ ሆነ ብዬ የፊቱን ሥረኛ መከለያ ፈትቼ አየሁ። በዚያ ትሪ ላይ አንዲት ነጭ ተንሳፋፊ ትቀመጣለች፤ ውኃ ሲያነሣት መኪናው አፈሰስሁ ብሎ ራሱን ይዘጋል። ትሪው ደረቅ ነበረ።

እንደ ገና አስነሣነው። አሁን ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ ሠራ፤ ባለቤቴ በመስቀል ምልክት አማተበች፤ ወዲያው ቆመ።

ከጓሮ ክፍላችን ተከራይቶ የሚኖር አንድ የምህንድስና ተማሪ አለ፤ ትምህርቱን የሚከታተለው እኛ እስከ ዛሬ ፖሊ በምንለው ግቢ ነው። ማምሻውን ሲገባ ጠራሁት። ልጁ መኪናውን አልነካውም። በሩን ከፍቶ ከጠርዙ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ ታንከሩን ቀና ብሎ አየ። «አባባ፣ ታንከሩ ከምን ያህል ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠው?» አለኝ። ቆጡ 2 ሜትር መሆኑን ነገርሁት። «እንግዲያው የተበጠሰው ክርዎ እርሱ ነው» አለ፤ ጧት ስለ ሽመናው መኪና ያወጋሁትን ባለቤቴ ነግራው ኖሯል።

ሲያስረዳኝም፣ «ጢስ ዓባይን አይተዋል አይደለም? ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከአጠገቡ ያለው ማመንጫ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ሥራ ሲጀምር ኃይል ያገኘው ከውኃው ብዛት ብቻ ሳይሆን ከአወራረዱም ከፍታ ነው። የቤትዎም ውኃ እንደዚያው ነው። በ10 ሜትር ከፍታ የቆመ ውኃ 1 ባር ያህል ይገፋል፤ 2 ሜትር ላይ ያለው 0.2 ባር ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ደግሞ ከ0.5 ባር በታች አልሠራም ይላል» አለኝ። ጀርመንኛ ባላውቅም ቁጥር ማንበብ አይሳነኝም ነበር፤ አላነበብሁትም እንጂ። የውኃ ማስገቢያው መክፈቻም የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም አለ፤ የውኃው ግፊት ራሱ ያግዘዋል፤ ግፊቱ ሲደክም በግማሽ ተከፍቶ ይቀራል። ባልዲ የሚሞላ ቧንቧ መኪናውን ያላረካው ስለዚህ ነው።

ታንከሩን ከ5 ሜትር በላይ ለማንሣት የብረት ቆጥ ማሠራት ያስፈልጋል፤ 2,000 ሊትር ውኃ 2,000 ኪሎ ስለሚመዝን እንደ ቀላል የሚሠራ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቧንቧ ሲከፈት ራሱ የሚነሣ፣ ሲዘጋ ራሱ የሚቆም ትንሽ የውኃ ፓምፕ ገዝተን በታንከሩና በቤቱ መካከል አስገጠምን። ዋጋው ባለ ሙያው ለካርድ ከጠየቀን እጅግ ያነሰ ነበረ። መኪናው በዚያ ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠራ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ፈጀ፤ እኔም ከበርጩማዬ አልተነሣሁም።

እንግዲህ የከተራ ዋዜማ ሲደርስ መኪናው ያጥባል፤ ልጅቱም ልትገባ ነው፤ ለማንም ምንም መናገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። ለባለቤቴም ይህንኑ አልኋት። እርስዋ ግን አልመለሰችልኝም።

ልጅቱ በመጣች በማግሥቱ ከምሳ በኋላ እናትና ልጅ ሳህን ሲደረድሩ እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርሁ። ባለቤቴ ሳህን በእጅዋ እንደ ያዘች፣ «ልጄ፣ ይህ መኪና ማጠብ ከጀመረ ገና 10 ቀኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ዋሽተንሻል» አለቻት። ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «አባባ፣ የላክሁት ክኒን 40 ነበረ። በየቀኑ ቢያጥብ ሁለት ወር ሳይሞላ ያልቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጨመር አድርጊልን አላላችሁኝም» አለችኝ።

«ታዲያ ካወቅሽ ስለ ምን ዝም አልሽ?» አልኋት።

«ስጦታው ያላስደሰታችሁ መስሎኝ ነዋ» አለችና ፊትዋን ወደ ግድግዳው መለሰች። እናትዋ ሳህኑን አስቀምጣ አቀፈቻት።

በኋላ መምሪያውን መጽሐፍ ከከረጢቱ አውጥታ ከነበረበት ገጽ ላይ አነበበችልን። የቧንቧ ሥዕል ያለባት መብራት ስትበራ ምን መደረግ እንዳለበት በ4 መስመር ተጽፎአል፤ ቧንቧው መከፈቱን ተመልከት፣ የጎማውን ወንፊት እጠብ፣ ጎማው እንዳይታጠፍ አድርግ፣ የውኃውን ግፊት መርምር። እኔ በ3 ሳምንት የደረስሁበትን ሁሉ በስልክ ልታነብልን ትችል ነበር።

በየካቲት 12 ማኅበሩ በእኛ ቤት ዋለ። የሸክላውን ድስት፣ የእንጨቱን ገበታና የቀንዱን ዋንጫ ሙቅ ውኃ ስለሚሰነጥቃቸው እንደ ቀድሞው በእጅ አጠቡአቸው፤ ሳህንና ብርጭቆውን ግን ለመኪናው ሰጠነው። በመካከሉ እምምታው ድንገት ተቋረጠ። ሴቶቹ ሁሉ ጸጥ አሉ፤ ባለቤቴም ከጓዳ ብቅ ብላ «ደግሞ ውኃ አነሰው?» አለችኝ። ቀና ብዬ የጣራውን አምፖል አየሁ።

«የለም፣ ዛሬስ መብራት ነው የጠፋው» አልኋት፤ እርስዋም ወደ እንግዶችዋ ተመለሰች።