ልብወለድ የምታነብ ልጅ ትበላሻለች ያለው ማነው?

«ልብወለድ የምታነብ ሴት አታግባ! ጨረቃን ብታወርድላትም አትጠግብም!» ይህን ምክር ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ከተኮለኮሉ ወንዶች አፍ ያልሰማች ልጅ በሸዋ ሮቢት ያለች አይመስለኝም። እናቶችም ቢሆኑ ከዚህ አይተናነሱም። «መጽሐፉን ጣይና ሽንኩርቱን ላጪ! የሰው ፍቅር እያነበብሽ የራስሽ ወጥ አረረ!» ይላሉ። አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዬ እነዚሁ የፍቅር መጻሕፍት ስለሆኑ፣ ዛሬ እስኪ ስለነሱ የልቤን ልናገር። መልካም ነገር አላቸው። የሚያናድድም ነገር አላቸው። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

አገሬን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ጣርማ በርን ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ፣ ጃኬታችሁን የምታወልቁበት ቦታ ስትደርሱ ሸዋ ሮቢት ናችሁ። ይፋት ቆላ ነውና ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከማንጎ ጥላ ሥር ያስቀምጣል። ታዲያ በዚያ ሰዓት ከማንበብ ሌላ ምን ይሠራል? እኛ ጓደኛሞቹ አንዱን መጽሐፍ ለስምንት እየተቀባበልን ነበር የምናነበው። ሽፋኑ የለ! የመጨረሻው ገጽ ተቀድዶ ቡና ተጠቅልሎበታል! ስለዚህ መጨረሻውን እኛው እንፈጥረው ነበር። አንዷ ታጋባቸዋለች፣ አንዷ ትገድላቸዋለች፣ ሌላዋ ደግሞ ልጅቷን «መጀመሪያ ትማር» ብላ ኮሌጅ ታስገባታለች። ስለ ወንድ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልባችን እንደልባችን ያወራነው በዚያ ሰበብ ነው። ቤት ውስጥ ማን ይጠይቀን ነበር?

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የአማርኛ ልብወለድ ሲጀመርም እኮ እንዲሁ ነበር! አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውን፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለውን ተመልከቱ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ አንዲት ልጅ ወንድ መስላት በፍቅሯ ትወድቃለች። ከዚህ የበለጠ የወጣት ልብ የሚሰቅል ታሪክ ከየት ይመጣል? ተአምራዊውስ ቢሆን አዲስ ነው እንዴ? ሰው ወደ ጅብ የሚለወጥበትን ተረት ከአያቶቻችን እየሰማን እግራችንን ሰብስበን ነው ያደግነው። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ የጣና ገዳማትን፣ ስለላንና ያልታየ ቴክኖሎጂን ቢያገናኝ ወጣቱ የተሻማበት በከንቱ አይደለም። ምናብ የተጠማ ትውልድ ነበርና!

እኔ የምወዳቸው ልብወለዶች ግን የኑሮዬን ነገር የነገሩኝ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውሰዱ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ያላለቀሰ ሰው እንዳልነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ብዙ ሰው የሚያለቅሰው ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ነው። እኔን ያናደደኝ አባቷ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ «ዘሩ አይመጥንም» እያሉ ባል ሲመልሱ የልጅቷ ዕድሜ ያልፋል። ዛሬስ? አንዲት ልጅ የምትወደውን ስታስተዋውቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጠባዩ እንዴት ነው?» ነው ወይስ «የማን ዘር ነው?» መልሱን ለናንተው እተወዋለሁ።

ሌላው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው። ማርጋሬት ሚቼል በ1936 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመችውን ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። ልብወለድ የሥራ ፈት ነገር ከሆነ ሰው እስር ቤት ውስጥ ለምን ይደክምበታል? ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ ያገኘነውን እኛ እናውቃለን። መጽሐፉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስካርሌት ከጦርነት ወደተጎዳ እርሻዋ ተመልሳ በገዛ እጇ አፈር ስትቆፍር ሳነብ፣ የአሜሪካ ሳይሆን የቀወት ሴት ነበር የመሰለችኝ። ስካርሌት ጨዋ አይደለችም፣ ትዋሻለች፣ ትቀናለችም። ግን የሚያነሳት ወንድ እስኪመጣ ወድቃ አልጠበቀችም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

አንደኛ፣ ጀግናው ሁልጊዜ ሀብታም ነው! ወይ ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ወይ የፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነው። የማሾ ነጋዴ አይፈቀርም? ባጃጅ የሚነዳ፣ አስተማሪ የሆነ ልጅ ልብ የለውም? ልጅቷ ደግሞ ደሃና ቆንጆ ሆና ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እኛ አገር እኮ ዓረብ አገር ወርዳ፣ በሰው ቤት ደክማ፣ ቤተሰቧን የምታስተዳድር ልጅ በየሰፈሩ አለች። የሷን ፍቅር ማን ጻፈው?

ሁለተኛ፣ ዝምታ! የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ልቡን ለመናገር ሲያቅተው እኛ አንባቢዎቹ ታመምን። መጽሐፉን እወደዋለሁ። ነገር ግን «ከወደደኝ ሳልነግረው ይወቅልኝ» የሚል ፍቅር መጽሐፍ ያሳምራል እንጂ ትዳር አያቆምም። የከፋሽን ተናገሪ፣ የፈለግኸውን ተናገር!

ሦስተኛውና ዋናው ቅናት ነው። በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣውና በዓለም የተቸበቸበው «ትዋይላይት» ውስጥ ደም መጣጩ ልጅ የሚወዳትን ልጅ ሳታውቅ ክፍሏ ገብቶ ተኝታ ያያታል። ይህ «እንዴት ደስ ይላል!» ተብሎ ይነበባል። እስኪ ሸዋ ሮቢት ይሞክረው! እዚህ በሙቀቱ ምክንያት መስኮት ከፍተን የምናድር ሰዎች ነን። ሌሊት በመስኮት የገባን «ሌባ! ሌባ!» ነው የምንለው እንጂ «ፍቅሬ» አንለውም።

ዛሬ ይህ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በቴሌግራም የፍቅር ታሪክ በክፍል በክፍል ይለቀቃል። «ላይክ ሲሞላ ክፍል 38 ይቀጥላል» ተብሎ ልባችን ይንጠለጠላል። ጀግናው ብርጭቆ ይሰብራል፣ ስልኳን ይነጥቃል፣ በክፍል 39 አበባ ይዞ ይመጣል፣ አለቀ!

አንዲት የማውቃት የሰፈር ልጅ አለች። ጓደኛዋ ስልኳን ይፈትሻል። ከወንድ ዘመዷ ጋር ስትስቅ ካየ ሳምንት ያኮርፋል። ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ልትገባ ስትል «ሌላ ወንድ ልታይ ነው» ብሎ ከለከላት። እሷ ግን ደስተኛ ነበረች! «እንዴት እንደሚወደኝ አየሽ? ልክ እንደ ታሪኩ እኮ ነው» አለችኝ፤ ስልኳንም አውጥታ አሳየችኝ። «እቴ፣ ታሪኩን የሚጽፈው ሰው ልጁን በክፍል 40 ጨዋ ሊያደርገው ይችላል፤ ያንቺን ሰውዬ ማን ሊጽፈው ነው?» አልኳት። ሳቀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ «እምቢ ካልሽ ጠልፌ እወስድሻለሁ» አላት። ያኔ አልሳቀችም።

ልጆች፣ ይህ ቀልድ አይደለም። በቀድሞው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ይታለፍለት ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን ያንን ቀዳዳ ዘግቶታል፤ ለጋብቻ ብሎ ሴትን መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስለዚህ ዝም አትበሉ! የኛዋም ልጅ ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ ለአጎቷ፣ አጎቷም ከልጁ ቤተሰብ ጋር ሽማግሌ ፊት ተቀመጡ። «ሁለተኛ ደጃፏን ብትረግጥ ጉዳዩ ለፖሊስ ነው» ተባለ። ልጅቷ አሁን ደብረ ብርሃን እየተማረች ነው። ብርዱ ግን አልተስማማትም መሰለኝ፣ ስትደውል ጥርሷ ይንቀጫቀጫል!

«ታዲያ ልብወለዱ አይደል ያሳሳታት?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! ቅናትን ፍቅር ነው ብሎ ያስተማራት ልብወለድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አንድም መጽሐፍ ያላነበቡት አያቶቻችን «ካልመታኝ አይወደኝም» ባላሉ ነበር። ልብወለዱ የሰፈሩን ወሬ ነው የደገመው። ሴት ልጅ መጽሐፍ ስትነጠቅ ብልህ አትሆንም፤ ብዙ ዓይነት መጽሐፍ ስታነብና ካነበበችው ጋር ስትከራከር ነው ብልህ የምትሆነው።

ስለዚህ እናቶች፣ መጽሐፉን አታቃጥሉ፤ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንዶች፣ እናንተም አንብቡ፤ ሴት ልጅ ምን እንደምትመኝ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አይገኝም። አንቺም እህቴ፣ ስታነቢ አንድ ጥያቄ አትርሺ፦ «ይህን ሰው የደራሲው ብዕር ባይጠብቀኝ ከሱ ጋር በአንድ ቤት አድር ነበር?» መልሱ «እምቢ» ከሆነ ታሪኩን ጨርሺው፣ ልጁን ግን አታምጪው።

መልካም ንባብ!