የደመራው ደብተር

አውቶቡስ ተራ ለመንገደኛ መናኸሪያ ነው፤ ለእኛ ግን ሠፈራችን ነው። ሠፈር ደግሞ መስከረም 16 የራሱን ደመራ ያቆማል። የመስቀል አደባባዩን አገር ሁሉ በቴሌቪዥን ያየዋል፤ በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብም ደስ ብሎን ነበር። የሠፈሩን ደመራ ማን ከፍሎ እንደሚያቆመው ግን ማንም አይጠይቅም።

የበዓል ኮሚቴያችን ማኅተም የለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርና እቁብን እንኳ አይነካም፤ እኛ ደግሞ ከእድርም እናንሳለን። ያለን ሊቀ መንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊና አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ «ጋዜጠኝነት ይማር የለ!» ተብሎ።

መዋጮው ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ በሳምንት ውስጥ ካልተሰበሰበ አበቃ። ብዙ የሚሰጡት የመርካቶ ባለሱቆች ለመስቀል ጉራጌ አገር ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ የምታገኙት ቁልፍ ነው። ጫኝና አውራጁ፣ ሊስትሮው፣ ሻይ የምታፈላዋ ግን እዚሁ ናቸው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም «የልጆቹ ነው» ብለው ጣል ያደርጋሉ።

ወጪው የታወቀ ነው፤ ባህር ዛፍ፣ ችቦ፣ ድፎ ዳቦ፣ የድምፅ ማጉያ ኪራይ። ወጣቱ ትልቅ ማጉያ ይላል፣ እናቶች ዳቦው ይብዛ ይላሉ። እኔ ከእናቶች ጋር ነኝ (ከመናኸሪያው ክላክስ በላይ ማን ሊጮህ?)።

አምና ችቦ ከመለኮሱ በፊት ሊቀ መንበራችን የሰጪውን ስም ከነገንዘቡ በማጉያ አነበበ። ከአንድ ባለሱቅ 2,000 ብር ቀጥሎ የአንድ ጫኝ 10 ብር ተጠራ። ከኋላ የሳቀ ነበር። ሰውየው ዳቦ ሳይቀምስ ሄደ።

ዘንድሮ በስብሰባ ላይ፣ ወጪው እስከ መጨረሻዋ ብር ይነበብ፣ የሰጪው መጠን ግን አይነበብ አልኩ። ገንዘብ ያዣችን ተቆጣ፤ «ካርኒ የለን! ሰውየው ብሩ መድረሱን በምን ይወቅ? ባለሱቁስ ስሙ ካልተጠራ ለምን ይሰጣል?» እውነቱን ነው፤ ንባቡ ደረሰኛችን ነበር። እናም ሰጪው ሁሉ ከሰጠው ብር አጠገብ ራሱ እንዲፈርም፣ ስም ብቻ በፊደል ተራ እንዲነበብ ተስማማን።

አንድ ባለሱቅ ቅር ብሎት የአምናውን ግማሽ ሰጠ። ትንሹን ማጉያ ተከራየን። ጫኙ 10 ብሩን ሰጥቶ ፈረመ፤ ፊርማው ከእኔ ፊርማ ያምራል። ከወጪ የተረፈው 340 ብር ነው፤ ዝርዝሩ እድር ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል።