መብራቱን ማጥፋት ወይስ መኪናዋን መሥራት?

መስከረም 9 ቀን ማታ ነው። ልጄን ከእህቴ ቤት ይዤ ወልቂጤ ወደሚገኘው ቤታችን ስመለስ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቢጫ የሞተር ምስል እንደገና በራች። ትንሿን ዳገት ስጀምር ደግሞ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር፤ መኪናዋም ተንቀጠቀጠች። ከኋላ የተቀመጠችው የአምስት ዓመት ልጄ «እማዬ፣ መኪናችን በረዳት እንዴ?» አለችኝ።

«እንደገና» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ይህችው መብራት በርታ ጋራዥ ወስጃት ነበር። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ካንዴላ ነው» አለ። አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ፤ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ተመለሰ፤ መብራቷም ጠፋች። ለልጄ ዩኒፎርምና ደብተር ካስቀመጥኩት ገንዘብ ላይ ከፍዬ ወጣሁ። የባትሪ ገመድ ሲነቀል መብራቱ የሚጠፋው ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ስለሚረሳ እንጂ ብልሽቱ ስለተጠገነ እንዳልሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ መስቀል ደርሷል። ጉራጌ በመስቀል ካለበት ተነሥቶ ወላጆቹ ቤት ይገባል። እኛም በአምስተኛው ቀን ቡታጅራ፣ እናትና አባቴ ዘንድ መድረስ አለብን። ባለቤቴ ለሥራ ሩቅ ስለሄደ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። በምትንቀጠቀጥ መኪና ልጅ ይዞ ዳገት መውጣት አስፈራኝ፤ ዳግመኛ በግምት ዕቃ ማስቀየርም አስጠላኝ።

የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው፤ ከመፍቻና ከካቻቢቴ ጋር አንተዋወቅም። ነገር ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማትበልጥ የኮድ ማንበቢያ ነበረችውና አዋሰኝ። ከመሪው ሥር 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል፣ አውሮፓ ደግሞ በቤንዚን መኪኖች ላይ ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ስላደረጉት (ዘመኑ የእነርሱ ነው) ከአውሮፓ የመጣችው ያሪሳችንም አላት። መሣሪያዋን ሰካሁ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከፈትኩ፣ በብሉቱዝ ከስልኬ ጋር አገናኘኋት። ስልኩ ላይ የጫንኩት አፕ «ፒ0301» የሚል ኮድ አወጣ።

«ፒ» ማለት ነገሩ ከሞተርና ከካምቢዮ ወገን ነው። 03 ብልሽቱ ከነዳጁ መቀጣጠል ጋር የተያያዘ መሆኑን ይናገራል። የመጨረሻው 01 አንደኛውን ሲሊንደር ያመለክታል። በአጭሩ አንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በደንብ አይነድም። ለምን እንደማይነድ ግን ኮዱ አይናገርም። ካንዴላ፣ ኮይል፣ ኢንጀክተር ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

እዚያው አፕ ላይ ኮዱን የሚሰርዝ ቁልፍም አለ። አንድ ጊዜ ቢነካ መብራቷ ትጠፋለች። ጣቴን አስጠግቼ ቆየሁና አባዬ ጋ ደወልኩ።

አባዬ ዕድሜውን ፊያት የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ስለ ኮዱ ስነግረው «እሱን ተዪውና ሞተሩን አስነሺ፤ ስልኩን አስጠጊልኝ» አለኝ። ዝም ብሎ አዳመጠ። «በሦስት ነው የምትሠራው። አንዱ አይሠራም። የትኛው እንደሆነ ግን እዚህ ሆኜ አላውቅም።»

«አንደኛው ነው» አልኩት።

ሳቀ። ኮዱን ሰርዤ እስከ ቡታጅራ ብነዳትስ ስለው ግን ሳቁን ተወ። «መብራቱን ነው የምታጠፊው ወይስ መኪናዋን ነው የምትሠሪው? የልጅ ልጄን ይዘሽ እኮ ነው የምትመጪው።»

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የመኪናውን ቁልፍ ነቅዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። በእያንዳንዱ ካንዴላ አናት ላይ አንድ ኮይል ተቀምጧል። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ አድርጎ ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ የማይነካውም ለዚሁ ነው። የኮይሉን ሶኬት ነቀልኩ፣ ያሰረውን ቡሎን በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈታሁ። ከዚያ የአንደኛውን ኮይል ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ አንደኛው አዛወርኩ። ኮዱን ሰርዤ ቀስ ብዬ ሰፈሩን ዞርኩ። ብዙም ሳልርቅ መብራቷ በራች። ስልኩ በዚህ ጊዜ «ፒ0302» አለ።

ብልሽቱ ከኮይሉ ጋር አብሮ ተዛውሯል! ካንዴላው ቢሆን ኖሮ ኮዱ አንደኛው ላይ ይቀር ነበር። መካኒኩም ሞኝ አልነበረም፤ የካንዴላና የኮይል ብልሽት ሕመማቸው አንድ ነው። የጎደለው ይህች የግማሽ ሰዓት ፈተና ነበረች።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ አንድ ኮይል ገዝቶ በሚኒባስ ላከልኝ። ገጥሜ ኮዱን ሰረዝኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ነዳኋት። መብራቷ አልተመለሰችም።

እናንተም ቢገጥማችሁ ይህን ልብ በሉ። ቢጫዋ መብራት ሳትርገበገብ ከበራችና መኪናው ደህና ከሄደ ጊዜ አለ፤ ኮዱን አስነብቡ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ያልነደደ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ገብቶ ካታላይዘሩን ሊያቃጥለው ስለሚችል ነዳጅ አትጫኑ፤ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ቀዩ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ከሆነ ወዲያው ቆማችሁ ሞተሩን አጥፉ። መካኒክ ዘንድ ስትሄዱም ኮዱን ጽፋችሁ ያዙ፤ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት «በምን አረጋገጥከው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መስከረም 14 ቀን ቡታጅራ ገባን። አባዬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሞተሩን ላጠፋ ስል በእጁ ከለከለኝ። ኮፈኑ ላይ መዳፉን አሳርፎ ጥቂት አዳመጠ። «በአራት ነው» አለና የልጅ ልጁን ለማውረድ የኋላውን በር ከፈተ።