የዕቁቡ ብርና የመገናኛው ላፕቶፕ

መቼም የሰው ብር ይዞ ገበያ እንደመውጣት የሚያስፈራ ነገር የለም። ባለፈው ቅዳሜ የታላቅ እህቴን የዕቁብ ብር፣ ድፍን 32 ሺህ ብር፣ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ሸጉጬ መገናኛ ወረድኩ። እህቴና ልጇም አብረውኝ ናቸው። ልጅቷ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ ላፕቶፕ ያስፈልጋታል። ከዚያ በላይ የሚጨመር ብር የለም። ዕቃው ከተበላሸ ደግሞ የእህቴ የዕቁብ ተራ ተመልሶ እስኪመጣ ልጅቷ አንደኛ ዓመትን ትጨርሳለች።

እኔ የተመረጥኩት ኮምፒውተር ተምሬ እንዳይመስላችሁ። ከ12ኛ ክፍል አላለፍኩም። የተመረጥኩት አንዴ ስለተሸወድኩ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያው ሰፈር የሚያብረቀርቅ ላፕቶፕ ገዝቼ በሦስተኛው ወር ስክሪኑ ጨለመ። ተሸክሜው ስመለስ ሱቁ ጫማ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ!

የመገናኛን ግርግር ታውቁታላችሁ። ከታች የታክሲ ረዳቶች «ኮተቤ! ሲኤምሲ! ቦሌ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ሕንፃዎቹ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሌላ ጩኸት ይቀበላችኋል። ደረጃው ላይ ሳላችሁ ደላላው ይደርሳል። «ላፕቶፕ ነው ብራዘር? ዛሬ የገባ የዱባይ ዕቃ አለ!» ሱቆቹን የሚለያያቸው መስታወት ብቻ ነው። ቋንቋውም የራሱ ነው፤ «ፓክድ» ካሏችሁ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» ካሏችሁ ሰው የተገለገለበት ማለት ነው። «ስላይትሊ» የምትለዋን ግን ብዙ አትመኗት።

የመጀመሪያው ሻጭ እኔን ትቶ ወደ እህቴ ዞረ። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው እንዲሉ።

«እማዬ፣ ይኼ አዲስ ነው። ካርቶኑን ራስዎ ነዎት የሚከፍቱት። ደግሞ ከብርዎ ይተርፋል።»

የእህቴ ዓይን በራ። እኔ የካርቶኑን ጎን አነበብኩ። ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ። ዊንዶውስ 11 ራሱ ቢያንስ 64 ጊጋ ማከማቻ ይጠይቃል። እንግዲህ ልጅቷ ትምህርቷን የት ልታስቀምጠው ነው? ራሙም ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ነገ ልጨምርበት ቢባል አይሆንም።

«አሮጌ ይሻላል» አልኳት።

«አንተ ደግሞ! ልጄ በጓደኞቿ ፊት የሰው ውራጅ ይዛ ትሂድ?» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ እንጀራ ጋግራ የጣለችው ዕቁብ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? ልጅቷ ካርቶኑን አንዴ አየችና አቀረቀረች። እኔም ሆዴ ባባ፤ ግን የጫማ ቤቱ ነገር ትዝ አለኝና እጃቸውን ይዤ ወጣሁ።

ብሩ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትገረሙ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው።

ስለዚህ እኔ የምፈልገው በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ሠርቶ የተሸጠ ነው። ዴል ላቲትዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ። እነዚህ ለቢሮ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ጠንከር ይላሉ፣ ለመጠገንም አያስቸግሩም። «ኮር አይ ፋይቭ» መባሉ ብቻ ግን አይበቃም፤ ጀነሬሽኑ ስንተኛ ነው? 8250 የሚል ከሆነ ፊት ያለችው 8 ስምንተኛ ማለት ናት። በኢንቴል በኩል ዊንዶውስ 11ን በደንቡ የሚቀበሉት ከስምንተኛው ጀምሮ ያሉት ናቸው። ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛውን ነፃ ድጋፍ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ አቁሟል። በአሮጌዎቹ ላይ 11ን በጓሮ በር የሚጭኑ ሻጮች አሉና ስክሪኑ ላይ ባያችሁት አትታለሉ።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ላቲትዩድ አገኘን። ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፤ ክዳኑ ላይ ረጅም ጭረት አለበት። 34 ሺህ አለን። ልጅቷን አስቀምጬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አስመታኋት። ስናስነሳው ኤፍ ቱን ተጭኜ ወደ ባዮስ ገባሁ፤ የድሮው መሥሪያ ቤት በይለፍ ቃል ቆልፎት ቢሆን ኖሮ ጣጣ ነበር። ከዚያ የባትሪውን ሪፖርት ከዊንዶውስ አወጣሁ። ሲሠራ ይይዝ ከነበረው አሁን የሚይዘው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ይኼ ቀልድ አይደለም። ቻርጀሩን ነቅዬ ቁጭ አልን። ሻጩ «ብራዘር፣ ልታድሩ ነው እንዴ?» ሲል ሳቅን፤ ግን ሰዓቱ እስኪሞላ አልተነሳንም።

ከብዙ ክርክር በኋላ 30 ሺህ 500 ላይ ቆመ። የዕቃው መለያ ቁጥርና የሦስት ወር ዋስትና ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ አልኩ፤ እያጉረመረመ ጻፈ። በተረፈው ቦርሳ ገዛን።

እህቴ በታክሲው ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እሑድ ጠዋት ቤቷ ስሄድ ላፕቶፑ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ጭረቱ እንዳይታይ ዳንቴል አልብሳዋለች።