በኮንጋ ቤታችን ስለ ጋለው ላፕቶፕ

ሰው የገዛውን ዕቃ ዋጋውን እንጂ ጠባዩን ሳያውቅ የቀረ እንደ ሆነ፤ ዕቃው የቤቱ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ጠብ ይሆናል። ይህንንም የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በራሳችን ቤት የደረሰውን ለመናገር ነው እንጂ። ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎቻችን ሁሉ ታስተውሉት ዘንድ እንለምናለን።

እኛ የምንኖረው በይርጋ ጨፌ አጠገብ ባለችው በኮንጋ ነው። አገራችን በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡናዋ የታወቀች ናት፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም በመስከረም ወር 2016 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ከዚሁ ቡና ባገኘነው ገንዘብ፤ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ለሚማረው ልጃችን ከሁለት ዓመት በፊት ላፕቶፕ ገዛንለት። ላፕቶፑም ለጽሕፈት ብቻ የሚሆን አልነበረም፤ ለትምህርቱ የሕንፃ ሥዕል እንዲሠራበት፤ በዕረፍቱም ጊዜ ጌም የሚባለውን ጨዋታ እንዲጫወትበት ኃይለኛ ሆኖ የተሠራ ነበር።

ልጁ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ማታ ማታ ሲሠራበትና ሲጫወትበት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር። እኛም እንቅልፍ ስላጣን ተቆጥተን፤ «ልጄ፥ ወይ ጩኸቱን አብርደው፤ ወይ ዕቃውን ተወው» አልነው። እርሱም አባቱን አክብሮ መልስ ሳይሰጥ፤ ላፕቶፑን በፍራሹ ላይ አኑሮ ዙሪያውን በጋቢ ከበበው። ጩኸቱ በእውነት ቀነሰ፤ እኛም ትእዛዛችን ተፈጸመ ብለን ደስ ብሎን ተኛን።

በሦስተኛው ሌሊት ግን የመመረቂያውን የሕንፃ ሥዕል ሲያሠራው ሳለ ላፕቶፑ በድንገት ጠፋ፤ ያላስቀመጠው የአራት ሰዓት ሥራም አብሮ ጠፋ። በእጃችን ብንነካው እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። እኛም ምክንያቱን ሳንመረምር ጥፋቱን ሁሉ በጨዋታው ላይ አድርገን፤ «ከዛሬ ጀምሮ ጌም የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይኑር» ብለን ፈረድን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፤ «እሺ፥ አባባ» ከማለት በቀር አልተናገረም። ከዚያም ወዲያ በአንድ ማዕድ እየበላን ሦስት ቀን ሳንነጋገር ቆየን።

በአራተኛው ቀን ቡናችንን ለማየት ወደ ማጠቢያው ወረድን። ሰዓቱ እኩለ ቀን ስለ ነበረ ሠራተኞቹ በማስጫው አልጋ ላይ ያለውን ቡና ይሸፍኑ ነበር። በሥራው ያረጁ አንዲት እናትም አዲስ የመጣውን ወጣት፤ «ልጄ፥ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ልክ ካለፈ ግን ገለባውን ይሰነጥቀዋል። አልጋውም ከመሬት ከፍ ያለው ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ ነው» እያሉ ያስተምሩት ነበር። ይህን ነገር እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ግን ጋቢው ትዝ አለንና አፈርን። ለቡናችን ነፋስ የሰጠን ሰዎች ለልጃችን ዕቃ ነፋስ ከልክለናል። ማራገቢያው ሲጮህ ሥራውን መሥራቱ ነበር፤ ዝም ያሰኘነው እኛ ነን።

በማግሥቱ ከልጃችን ጋር ወደ ዲላ ሄደን ላፕቶፑን ለባለሙያ አሳየነው። ባለሙያው በመሣሪያ ቢለካው ሙቀቱ 97 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ሲከፍተውም በማራገቢያው አፍ ላይ እንደ ጥጥ የተጋገረ አቧራ አገኘ፤ ሙቀት የሚያስተላልፈውም ቅባት ደርቆ ነበር። ነገሩንም እንዲህ ሲል አስረዳን። ፕሮሰሰር የሚባለው የማሽኑ አእምሮ ሲሠራ ይግላል፤ ሙቀቱም በመዳብ ቧንቧ አልፎ ወደ ስስ የብረት ክንፎች ይሄዳል፤ ማራገቢያውም ከሥር አየር ስቦ በክንፎቹ መካከል እያሳለፈ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያወጣል። በከባድ ጨዋታ ጊዜ ከ75 እስከ 85 ዲግሪ ቢደርስ አያስደነግጥም፤ ሳያቋርጥ ከ90 በላይ ቢሆን ግን መፍትሔ ይሻል። ብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በ100 ዲግሪ ላይ፤ የኤኤምዲዎቹም እንደ ዓይነታቸው በዚሁ አቅራቢያ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ይህም ካልበቃ ማሽኑ ይጠፋል። እንግዲህ በዚያ ሌሊት መጥፋቱ ከመቃጠል ለመዳን ነበር። ደግሞም በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር አምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፤ በደጋ አገር ማራገቢያው የበለጠ ይደክማል።

ከዚህ በኋላ በቤታችን የተሠራው ሥርዓት ይህ ነው። አንደኛ፤ ላፕቶፑ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ በስተኋላውም በሁለት የእንጨት ቁራጭ እንደ ቡናው አልጋ ከፍ ይላል፤ ፍራሽና ጋቢ አይቀርቡትም። ሁለተኛ፤ በየጊዜው ላፕቶፑ ጠፍቶና ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፤ ማራገቢያውም እንዳይሽከረከር በስንጥር ተይዞ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ሦስተኛ፤ ጨዋታው በአንድ ሴኮንድ ከ60 ሥዕል በላይ እንዳያወጣ ይወሰናል፤ ዓይን ብዙ ሳይጎድልበት የማሽኑ ድካም ይቀንሳልና። አራተኛ፤ ሙቀት ባትሪን ስለሚያስረጅ፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ተሰክቶ ሲውል እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ ይደረጋል።

በዚህም ጥንቃቄ በዚያው ጨዋታ ሙቀቱ ከ82 ዲግሪ አላለፈም። ከዲላ ስንመለስ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ቀርቶን ነበር። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ የሚጎድል ይመስለን ነበርና፤ መንገዱን ሁሉ ስናመነታ ቆይተን ከቤታችን ደጅ ስንደርስ፤ «ልጄ፥ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሳናውቅ ፈረድንብህ» አልነው። እርሱም፤ «አባባ፥ እኔም ጋቢው እንደሚያግለው እያወቅሁ ቁጣዎን ፈርቼ ዝም አልሁ» አለን። ይህ ቃል ከጠፋው ሥራ ይልቅ አሳዘነን፤ ልጅ እውነቱን እስኪደብቅ ድረስ የሚፈራው አባት ቤቱን በትክክል ሊያስተዳድር አይችልምና።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ለቄስ ብቻ አልተናገሩም። የቤት ጌታ ሁሉ ከመፍረዱ በፊት ይጠይቅ፤ ከመቆጣቱም በፊት ያዳምጥ። ልጃችን ሥዕሉን እንደ ገና ሠርቶ ጨርሷል፤ ጨዋታውንም እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እንዲጫወት ፈቅደንለታል። ማራገቢያውም አሁን አልፎ አልፎ ይጮሃል፤ እኛም በሰማነው ጊዜ ሥራውን እየሠራ ነው ብለን እንተኛለን።