ለከርሞስ?

በ2010 ዓ.ም. ቦንጋ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ሰኔ ላይ የውል ማደሻው ወረቀት ኪሴ ገብቶ ሳምንት ሙሉ ሳይፈረም ተቀመጠ። እናቴ ከአዲስ አበባ እየደወለች «ይበቃሃል፣ ና» ትለኛለች፤ ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ያለ ከተማ ለእሷ ባሕር ማዶ ነው። አይፈረድባትም፤ እኔም ገበያ ወጥቼ ካፊኖኖ ስሰማ ለሰላምታ እንኳ አፌ ይተሳሰር ነበር።

ለተማሪዎቼ ደግሞ እንግሊዝኛ ከካፊኖኖና ከአማርኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። «ዊል»ን ያስተማርሁ ዕለት ተቸገርሁ፤ እኛ «እመጣለሁ» ስንል የዘወትሩም የነገውም በአንድ ቃል ይሄዳልና። ምሳሌ ስጡ ብል አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «ዊል ዩ ካም ባክ ኔክስት ይር፣ ቲቸር?» አለችኝ። ለከርሞስ ይመለሳሉ ወይ ነው ነገሩ። ሰዋስዋ እንከን አልነበረውም። በሁለት ዓመት ሦስት የእንግሊዝኛ መምህር የሸኘ ክፍል ጸጥ ብሎ መልሴን ጠበቀ።

እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት የአሜሪካ ፒስ ኮር አስተማሪዎች እንኳ ውቅያኖስ ተሻግረው ሁለት ዓመት ያገለግሉ ነበር። እኔ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።

«ጥያቄሽን ሰሌዳው ላይ ጻፊው» ብዬ አመለጥሁ። ማታ ወረቀቱን ፈረምሁ። ለእናቴ የነገርኋት ግን ነሐሴ መጨረሻ፣ ሻንጣዬን ስሸክፍ ነው።